ፊት ላይ የጠቆረ ሁሉ ማድያት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ማድያት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። አንባቢን ለመርዳት ታስቦ መጻፉ ያስመሰግናል። ይሁንና ጽሑፉ ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሮ የሚያወራው ስለሚቀባው ነገር ነው፤ የፊት ቆዳ ቀለሙን ለምን እንደለወጠ በምን እንደሚታወቅ አንድም ቦታ አልተነሣም። ለእኛ ለቆዳ ሐኪሞች ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው። ፊትን የሚያጠቁሩ ሕመሞች ብዙ ናቸው። አንዱን የሚያሻሽል ቅባት ሌላውን ያባብሳል፤ አንዳንዱ ጥቁረት ደግሞ ከቆዳ በታች፣ ከሰውነት ውስጥ የመጣ ስለሆነ ቅባት ጭራሽ አይደርስበትም። ስለዚህ ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድና የት ላይ እንደሚሳሳት ዘርዘር አድርገን ለመጻፍ ወደድን።

ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው፤ መሣሪያ የሚመጣው በኋላ ነው። ጥቁረቱ መቼ ጀመረ? ከመጥቆሩ በፊት ቦታው ቀልቶ፣ አሳክኮ፣ ቆስሎ ወይም ብጉር ወጥቶበት ነበር? ከእርግዝና፣ ከወሊድ መከላከያ እንክብል ወይም ከሌላ የሆርሞን መድኃኒት ጋር ተያይዞ ነው የመጣው? ፀሐይ ላይ ሲዋል ይብሳል? በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ያለበት ሰው አለ? ባለፈው አንድ ዓመት የተወሰዱ መድኃኒቶች በሙሉ፣ ለአጭር ጊዜ የተወሰዱትም ጭምር፣ መቆጠር አለባቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ስለ ቅባት የሚጠየቀው ነው። «ፊትሽን ምን ተቀባሽ?» ሲባል አብዛኛው ሰው «ምንም» ይላል፤ ሳሙና፣ ሎሽንና የተቀላቀለ ክሬም እንደ መድኃኒት ስለማይቆጠሩ ነው። ጥያቄው «ጠዋት ከመታጠብ ጀምሮ ማታ እስከመተኛት ፊትሽን የሚነካው ነገር ሁሉ ምንድን ነው?» ተብሎ ቢቀርብ መልሱ ሌላ ይሆናል። ሽቶ፣ የፀጉር ቀለም፣ የፀጉር ዘይት፣ ሰው አዘጋጅቶ ምልክት በሌለው ዕቃ የሸጠው ክሬም፣ ሁሉም ይመጣል። ታካሚዋ ፊት የሚያቀላ ክሬም መጠቀሟን ለመናገር ካፈረች ወይም ሐኪሙ በቁጣ ከጠየቃት ምርመራው እዚያው ላይ ይበላሻል። እኛ ሐኪሞች ይህን ጥያቄ ያለ ወቀሳ መጠየቅ ይገባናል።

ቀጥሎ ማየት ነው። ፊት ላይ ያለ ሜካፕና የፀሐይ መከላከያ በደንብ ይታጠባል፤ ከዚያም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። የታሸ ቆዳ ይቀላል፤ እርጥብ ቆዳ ያብለጨልጫል፤ በዚያ ሁኔታ የታየ ቀለም ያሳስታል። ከሁሉ የተሻለው ብርሃን በመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን ነው። ቢጫ አምፖል ግራጫውን ቡናማ አስመስሎ ያሳያል፤ በግራጫና በቡናማ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የምርመራው ግማሽ ነው። ብርሃኑ በቀጥታ ብቻ ሳይሆን ከጎንም እንዲመጣ ይደረጋል፤ ጠፍጣፋውን ነጠብጣብ ከፍ ካለው የሚለየው የጎን ብርሃን ነው።

የቀለሙ ነገር እንዲህ ነው። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ሲበዛ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ወደ ታችኛው ንጣፍ ሲወርድ ግን ብርሃን በመንገዱ ላይ ስለሚበተን ግራጫ፣ አመድማ ወይም ሰማያዊ ይመስላል። ቡናማው በአብዛኛው በወራት ውስጥ ለሕክምና ይበገራል። አመድማው ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ በቅባት የሚመለሰው ክፍልም ጥቂት ነው። ይህን ለታካሚው ከመነሻው መንገር ከብዙ ብስጭትና ከአላስፈላጊ ወጪ ያድነዋል።

ጥቁረቱ ያለበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን የሌለበትንም መመልከት ያሻል። ከአገጭ በታች ያለው ጥላ፣ የላይኛው የዓይን ቆብ፣ የጆሮ ጀርባ እና ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደው መሥመር ፀሐይ እምብዛም የማያገኛቸው ናቸው። እነዚህ ንጹሕ ሆነው ሌላው ከጠቆረ ፀሐይ እጇ አለበት። እነዚህም ከጠቆሩ ሐሳባችን ወደሚነካካ ኬሚካል ወይም ከውስጥ ወደሚመጣ ሕመም ያዘነብላል። ከዚያ አንገት፣ ብብት፣ መዳፍ፣ ጥፍር፣ ድድና የጉንጭ ውስጥ ይታያሉ። ፊትን ብቻ አይቶ ስለ ፊት መወሰን አይቻልም፤ ይህን የምንለው አጥብቀን ነው።

ማድያት ራሱ በአመዛኙ መልኩ ግልጽ ነው። በሁለቱም ጉንጭ ተመሳሳይ ሆኖ በግንባር፣ በአፍንጫ፣ በላይኛው ከንፈርና በአገጭ ላይ ይወጣል። ጠርዙ የተዘነጣጠለ ሆኖ ጎልቶ ይታያል፤ አያሳክክም፣ አይቆረፈድም፣ በእጅ ሲነካ ከሌላው ቆዳ አይለይም። በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ወንዶችንም ይይዛል። ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሌላ በዓይን የሚታየው ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ማድያትን ያባብሳል። ለዚህ ነው አይረን ኦክሳይድ ያለበት ባለቀለም የፀሐይ መከላከያ ከተራው የሚመረጠው። ጥቁረቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ፣ ካሳከከ ወይም ከሻከረ ግን ማድያት ብሎ መዝጋት ስሕተት ነው።

ከማድያት ጋር ዘወትር የሚምታታው ከቁስለት በኋላ የሚቀር ጥቁረት ነው። ብጉር፣ ችፌ፣ ቃጠሎ፣ ያለ ጥንቃቄ የተሠራ ሌዘር ወይም ፊትን በአሲድ መላጥ ትቶት ይሄዳል። የጥቁረቱ ቅርጽ የቀደመውን ቁስል ቅርጽ ይከተላል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ምንጩ ሳይቆም ጥቁረቱን ማከም ነው። ብጉሩ እየወጣ እስካለ ድረስ አዲስ ጠባሳ በየሳምንቱ ይጨመራል። ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ቅላት ስለማይጎላ አሁንም የሚነድ ብግነት «ያለፈ ጠባሳ» ተብሎ ይታለፋል፤ ስለዚህ ቦታውን በእጅ መዳሰስና ሙቀቱን፣ እብጠቱን፣ ሕመሙን መፈተሽ ግድ ነው። ግልጽ የመስታወት ስላይድ ቆዳው ላይ ጫን ሲደረግ ከደም ሥር የመጣው ቅላት ይጠፋል፤ ሜላኒን ግን ይቀራል።

አመድማ ሆኖ በግንባር፣ በጆሮ ፊትና በአንገት ላይ የሚሰራጭ ጥቁረት ሁለት ዋና ነገሮችን ያሳስባል። አንደኛው ላይከን ፕላነስ ፒግመንቶሰስ የተባለ የቆዳ ብግነት ነው። ይህ ሲጠረጠር ቅንድብ መሳሳቱን እና የግንባር ፀጉር ወደ ኋላ መሸሹን ማየት አይረሳ፤ ጠባሳ ትቶ ፀጉርን የሚያጠፋ ሕመም አብሮት ሊኖር ይችላል፤ የጠፋው ፀጉር ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ሁለተኛው ከሽቶ፣ ከፀጉር ቀለም ወይም ከመዋቢያ ንጥረ ነገር ጋር በተደጋጋሚ በመነካካት የሚመጣ አለርጂ ነው። ይህን የሚለየው ጀርባ ላይ የሚለጠፍ የአለርጂ ምርመራ ነው። የተጠረጠሩት ንጥረ ነገሮች ለ48 ሰዓት ተለጥፈው ይቆያሉ፤ ሲነሡ ይነበባሉ፤ በ96ኛው ሰዓት ዳግመኛ ይነበባሉ። ሁለተኛውን ንባብ መዝለል ብዙ እውነተኛ አለርጂ ያስመልጣል። በነዚያ ቀናት ጀርባ አይታጠብም፣ ላብ የሚያስወጣ ሥራ አይሠራም። ጀርባ ላይ ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት) ከተቀባ ወይም በእንክብል ከተወሰደ ውጤቱ በሐሰት «የለም» ሊል ይችላል።

ከጉንጭ አጥንት በላይ፣ በዓይንና በጆሮ መካከል ያለው ቦታ ጠቁሮና ወፍሮ እንደ ከፋይ ጨርቅ ሲለሰልስ አንገትና ብብትም ይታያሉ። እዚያም ተመሳሳይ ውፍረት ካለ አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰውነት ለኢንሱሊን በደንብ እንደማይታዘዝ የሚናገር ምልክት ነው። በባዶ ሆድ የሚለካ የደም ስኳርና የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ይታዘዛል። ክብደትና ስኳር ሲስተካከሉ ፊቱም ይሻሻላል። እዚህ ላይ ፊትን መፋቅ ትርፉ ቁስል ነው።

መድኃኒቶችም አሉ። ለብጉር የሚሰጠው ሚኖሳይክሊን በብጉር ጠባሳ ውስጥ ሰማያዊ ጥቁረት ያስቀምጣል፤ ይህም «ብጉሩ የተወው ነው» እየተባለ መድኃኒቱ ይቀጥላል። ለልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮን ፀሐይ የሚያየውን ፊት ግራጫ ያደርጋል፤ ክሎሮኪንና ሃይድሮክሲክሎሮኪንም ቀለም ያስቀምጣሉ። ኮትሪሞክሳዞል፣ ቴትራሳይክሊንና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ከንፈር ወይም ጉንጭ ላይ ክብና ጥርት ያለ ጥቁር ምልክት ይተዋሉ፤ መድኃኒቱ በድጋሚ ሲወሰድ በሰዓታት ውስጥ ያው ቦታ ራሱ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ማንም ግን የታዘዘለትን መድኃኒት፣ በተለይ የልቡን፣ ሐኪሙን ሳያማክር በራሱ አያቁም።

ፊት ብቻ ሳይሆን መላ አካል፣ የመዳፍ መሥመር፣ ድድና አሮጌ ጠባሳ ከጠቆሩ፣ በዚያ ላይ ድካም፣ ክብደት መቀነስ፣ ሲነሡ ማዞርና የጨው አምሮት ከተጨመረ፣ ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ደክመው ሊሆን ስለሚችል ዕጢዎቹ የሚያመነጩት ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን ጠዋት ላይ በፍጥነት ይለካ። ሳይታወቅ ከቆየ ሕይወት ያሳጣል።

በአንድ ዓይን ዙሪያና በዚያው ጎን ጉንጭ ላይ ከልጅነት ጀምሮ ያለ ሰማያዊ ግራጫ ጥላ ኔቨስ ኦፍ ኦታ የሚባል የቆዳ ቀለም ምልክት ሊሆን ይችላል። የዓይን ነጭ ክፍልም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠቁራል። የዓይን ግፊት የመጨመር ዕድል ስላለ የዓይን ሐኪም ማየት አለበት፤ ክትትሉም አይቋረጥ።

አሁን ከሁሉ አብልጠን ወደሚያስጨንቀን እንምጣ፤ ክሬሙ ራሱ የፈጠረው ጥቁረት። የቆዳን ጥቁረት የሚቀንሰው ሃይድሮኪኖን በሐኪም ክትትል ለተወሰኑ ወራት ሲሰጥ ጠቃሚ መድኃኒት ነው። መጠኑ ሳይታወቅ ለዓመታት ሲቀባ ግን ኦክሮኖሲስ የሚባል ጉዳት ያመጣል። የሚታየው ሂደት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ፊቱ ይቀላል፤ ቀጥሎ ጉንጩ ላይ ጥቁረት ብቅ ይላል፤ ተጠቃሚዋ «ማድያቱ ባሰ» ብላ መጠኑን ትጨምራለች፤ የተጨመረው ደግሞ ጥቁረቱን ያጠነክራል። ጉንጭና የዓይን ጎን ሰማያዊ ጥቁር ይሆናሉ፤ ሲቆይም በጣት የሚዳሰሱ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ይወጣሉ። ሕክምናው የሚጀምረው ክሬሙን ሙሉ በሙሉ በማቆም ነው። ይህን ማድያት ብሎ ተጨማሪ ሃይድሮኪኖን ማዘዝ እሳት ላይ ቤንዚን እንደ ማፍሰስ ነው።

ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶንን የመሳሰሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች ያሉባቸው ድብልቆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያቀላሉ፣ ያለሰልሳሉ። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፤ ደም ሥሮች ይታያሉ፤ ብጉር መሰል ሽፍታና ያልተለመደ ፀጉር ይወጣል። ሲቆሙ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ፊቱ ይቃጠላል፣ ያብጣል፤ ሰውየውም ክሬሙ «ይስማማኝ ነበር» ብሎ ይመለስበታል። ጭርት ላይ ሲቀባ ደግሞ የጭርቱን ክብ ጠርዝ አጥፍቶ ፈንገሱን ያሰፋዋል፤ እንዲህ ዓይነት ፊት ከቆዳው ተፍቆ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ካልታየ አይለይም። ከመፋቁ በፊት ፀረ ፈንገስ ቅባት ከተቀባ ምርመራው ባዶ ሊወጣ ስለሚችል ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ።

ሜርኩሪ ያለባቸው ክሬሞች ከቆዳ አልፈው ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው፣ ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ለቆዳ ማቅያ ክሬሞች ያስቀመጠው ወሰን 1 ፒፒኤም፣ ማለትም በኪሎ 1 ሚሊግራም ነበር። ማሸጊያው ላይ ካሎሜል፣ ሜርኩሪክ ዮዳይድ ወይም ሜርኩረስ ክሎራይድ የሚል ከተጻፈ ሜርኩሪ ነው። «ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከጎማ ጋር እንዳይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያም ሌላው ፍንጭ ነው። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ዕቃ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራል።

ከመሣሪያዎቹ አንዱ የዉድ መብራት ነው፤ 365 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ያወጣል። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ይጨልም፤ መብራቱ አንድ ደቂቃ ያህል ይሙቅ፤ የመርማሪውም ዓይን ጨለማውን ይልመድ፤ ከዚያ ከ10 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቆ ይታያል። በላይኛው ንጣፍ ያለ ሜላኒን በዚህ ብርሃን ይጎላል፤ የታችኛው ያው ይሆናል ወይም ይደበዝዛል። ችግሩ ይህ ልዩነት በጣም ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በደንብ አለመታየቱ ነው፤ በእኛ እምነት በዚህ መብራት ብቻ «ጥልቅ ነው፣ አይድንም» ብሎ ለታካሚ መንገር ተገቢ አይደለም። የክሬም ቅሪት፣ የሳሙና ትራፊና የፎጣ ብናኝም ስለሚያበሩ የማያውቅ ሰው በሽታ ያየ ይመስለዋል።

ደርሞስኮፕ ከዚያ የተሻለ ይናገራል። አሥር እጥፍ የሚያጎላና በፖላራይዝድ (የቆዳውን ማብለጭለጭ በሚቀንስ) ብርሃን የሚሠራ የእጅ መነጽር ነው። ፊት ላይ ሲያርፍ መጫን አይገባም፤ ከተጫነ ትንንሾቹ ደም ሥሮች ይጠፋሉ። በማድያት ውስጥ የሚታየው ቡናማ መረብ ሲሆን ፀጉር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ንጹሕ ክብ ሆነው በመረቡ መካከል ይቀራሉ። በኦክሮኖሲስ ግን ግራጫ ሰማያዊ ጭፍን ያለ ቀለም ቀዳዳዎቹን ጭምር ይደፍናቸዋል፤ በመሐሉ የተጠማዘዙ ትል መሰል መሥመሮች ይታያሉ። ይህን አንድ ልዩነት ብቻ የለመደ የጤና ባለሙያ ብዙ ሰው ከተሳሳተ ክሬም ሊያተርፍ ይችላል።

በዕድሜ በገፋና ፀሐይ ባጎሳቆለው ፊት ላይ ብቻውን ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ቀስ እያለ የሚሰፋና ቀለሙ የተዘበራረቀ ነጠብጣብ ለብቻው መታየት አለበት። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ወጥ ያልሆነ ግራጫ ቀለበት ከታየ የቆዳ ካንሰር ጅማሬ ሊሆን ስለሚችል በሌዘርም በአሲድም ከመነካቱ በፊት ናሙና ይወሰዳል። ላዩ በሌዘር ከጠፋ በኋላ ከሥር የሚቀረው ሳይታወቅ ያድጋል። ለሌላው የፊት ጥቁረት ናሙና ብዙም አያስፈልግም፤ ካስፈለገ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነ ክብ መቁረጫ ከአዲሱ ክፍል ጠርዝ ላይ ይወስዳል። ጠባሳው እያበጠ የሚያስቸግር ሰው አስቀድሞ ይናገር።

ስለ መንጣትም ጥቂት እንበል። የልጆች ፊት ላይ የሚወጣው ፈዘዝ ያለና ቅርፊት ያለው ነጣ ያለ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቅ ቆዳ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለምጽ አይደለም። ለምጽ ጠርዙ የጠራ ሲሆን በዉድ መብራት ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ቋቁቻ ደግሞ ወደ ቢጫ ያደላል። ሁሉም ሳይለይ ግን ሥጋ ደዌ መዘንጋት የለበትም። ነጣ ያለው ቦታ በጥጥ ጫፍ ይነካል፤ ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ የተነካበትን በጣቱ ያሳያል። ፊት ብዙ ነርቭ ስላለው ስሜቱ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ «ይሰማዋል» ተብሎ ብቻ አይለቀቅ። ከጆሮ ሥር በአንገት የሚወርደውና በክርን ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ መወፈራቸው ይዳሰሳል፤ በሌላው አካል ላይ ደንዝዞ የነጣ ቦታ መኖሩም ይፈለጋል። ቶሎ ከታወቀ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ የተጎዳው ነርቭ አይመለስም።

መሻሻልን በዓይን ግምት መከታተል ያታልላል። ለማድያት የምንጠቀምበት ቀላል ስሌት አለ። ፊት በአራት ይከፈላል፤ ግንባር 30፣ ቀኝ ጉንጭ 30፣ ግራ ጉንጭ 30፣ አገጭ 10 በመቶ። ለእያንዳንዱ የተያዘው ስፋት ከ0 እስከ 6፣ ጥቁረቱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፤ ሁለቱ ተባዝተው በክፍሉ ድርሻ ይባዛሉ፤ የአራቱ ድምር ከ24 አይበልጥም። ፎቶ ሲነሣ ደግሞ አንድ መስኮት፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ርቀት ይሁን፤ ከፊት ለፊትና ከሁለቱም ጎን። የስልኩ ፊት ማሳመሪያ መጥፋቱን አረጋግጡ፤ እሱ በርቶ የተነሣ ፎቶ ለምርመራ ምንም አይጠቅምም።

ከዝግጅት ክፍላችሁ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ስለ ፊት ቅባት ስትጽፉም ሆነ ማስታወቂያ ስትቀበሉ የንጥረ ነገሩ ዝርዝርና መጠኑ ይውጣ፤ ዝርዝሩን የማይሰጥ አስተዋዋቂ አይስተናገድ። ስለ ቆዳ ሕመም የምታወጧቸው ምስሎችም በጠየመና በጠቆረ ቆዳ ላይ ያለውን መልክ የሚያሳዩ ይሁኑ፤ በነጣ ቆዳ ላይ ቀይ የሚመስለው ሕመም በጠቆረ ቆዳ ላይ ሐምራዊ ወይም ግራጫ ሆኖ ስለሚታይ አንባቢው ራሱን በምስሉ ውስጥ አያገኝም።

አንባቢዎቻችሁም ወደ ቆዳ ሐኪም ሲሄዱ የሚቀቡትን ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች፣ ጥቁረቱ ከመጀመሩ በፊት የተነሡትን አንድ ፎቶ ይያዙ። በዚያ ቀን ፊታቸውን ምንም ሳይቀቡ ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር
የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ሐኪሞች